የፈረንሳይ ብር ነው የተባለውን ማንኪያ መጀመሪያ ገልብጡት

ጅማ ውስጥ የአሮጌ ቤት ቡፌ ሲከፈት ጉድ ይወጣል። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ሹካ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው የስኳር መቆንጠጫ፣ የማን እንደነበረ ማንም የማያስታውሰው ትልቅ ጭልፋ። ከዚያ ከቤተሰቡ አንዱ አንስቶ ያየውና «ይሄማ የፈረንሳይ ብር ነው» ይላል። በቃ! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የፈረንሳይ ብር ነው። ዋጋው ይሰቀላል፣ ውርስ ላይ ወንድምና እህት ይኮራረፉበታል፣ ማንም ግን ገልብጦ አያየውም።

እኔ የምላችሁ ገልብጡት ነው። ፈረንሳዮች በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ብሩ ምን ያህል ንጹህ እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ዘመን እንደተመረመረ ዕቃው ላይ ራሱ ይመቱበታል። ጽሑፉን ማንበብ ከለመዳችሁ የሻጭም የዘመድም ወሬ አያስፈልጋችሁም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት ግን ስለ ቤት ውስጥ ፈተናዎች አንድ ነገር። ማግኔት የሚነግራችሁ ዕቃው ብረት አለመሆኑን ብቻ ነው። ነሐስም፣ መዳብም፣ ኒኬል የገባበት ነጭ ቅይጥም በማግኔት አይሳቡም። በረዶ አስቀምጦ ቶሎ ቀለጠ ማለትም አያዋጣም፣ መዳብ ቢሆንም ቶሎ ያቀልጠዋል። አሲድ ጠብ ማድረግ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ የ150 ዓመት ዕቃ ላይ ጠባሳ ትታችሁ ነው የምትሄዱት። መልካም ዓይንና መብራት ይበቃል። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን አጉሊ መነጽር ብታገኙ ጥሩ፣ ካልሆነ የስልክ ካሜራ ዙም ይሠራል። ዘዴው መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ከጎን ሲመጣ የተመታው ጉድጓድ ጥላ ይይዛል፣ ምስሉም ብቅ ይላል። ፊት ለፊት ካበራችሁበት ግን ብልጭታ ብቻ ነው የምታዩት።

ማንኪያና ሹካ ላይ ማህተሙን የምታገኙት ከጀርባ፣ እጀታው ከሚቀጥንበት አካባቢ ነው። ሳህንና ትሪ ላይ ጠርዙ አጠገብ፣ የቡና ማንቆርቆሪያ ላይ ደግሞ ከአፉ በታች ነው፤ ክዳኑም የራሱ ማህተም ሊኖረው ይገባል። አካሉ ላይ ኖሮ ክዳኑ ላይ ከሌለ፣ ክዳኑ ከሌላ ቤት የመጣ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

የምትፈልጉት የሴት ራስ ነው። የራስ ቁር የደፋች፣ ወደ ቀኝ የምታይ። ሚኔርቫ ናት፣ የጥንት ሮማውያን የጥበብ አምላክ። ከሜይ 10 ቀን 1838 ጀምሮ የፈረንሳይ መንግሥት መርማሪዎች ብር መሆኑን አረጋግጠው የሚመቱት ማህተም ይሄ ነው። ምስሉ ስምንት ማዕዘን ባለው ክፈፍ ውስጥ ሆኖ ከግንባሯ ፊት ለፊት 1 ቁጥር ካለ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ከሺህ እጅ 950ው ንጹህ ብር ነው ማለት ነው። ክፈፉ ጎኑ ያበጠ በርሜል መስሎ ከአገጯ ሥር 2 ቁጥር ካለ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ፣ 800 ነው። ከ1973 ወዲህ አንደኛው ደረጃ ወደ 925 ወርዷል፤ እኛ የምናወራው ግን ስለ አሮጌው ስለሆነ 950ን ያዙ።

950 ብዙ ነው ወይ? ቤታችሁ ጠገራ ብር ካለ እሱ 833 ነው። የምኒልክ ብር 835 ነው፣ እሱም ፓሪስ ነው የተመታው፣ በ1894። ስለዚህ አንድ ጥሩ የፈረንሳይ ሹካ አያቶቻችን ከሚያምኑት ገንዘብ በላይ ንጹህ ነው። በግራም እናስላው። ትልቅ የገበታ ሹካ 80 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 76 ግራሙ ብር ነው። አንድ ማሪያ ቴሬዛ ውስጥ ያለው ንጹህ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው። ሹካዋ ከሦስት ጠገራ በላይ ብር ይዛለች ማለት ነው። አሁን ለምን ገልብጡ እንዳልኩ ይገባችኋል።

ከሚኔርቫ ቀጥሎ የሠሪውን ማህተም ፈልጉ። በሾሉ የቆመ አራት ማዕዘን ነው፣ ላይና ታች የሚሾል፣ ጎንና ጎን የሚሾል። ውስጡ የሠሪው ስም መነሻ ፊደሎችና አንድ ትንሽ ምልክት አለ፦ ኮከብ፣ ቁልፍ፣ መብራት፣ የፈለገውን። ይህ ቅርጽ በኖቬምበር 1797 በወጣ ሕግ የተደነገገ ነው፤ ንጹህ ብር የሚሠራ ሰው ከዚያ ወዲህ ስሙን እዚህ ቅርጽ ውስጥ ያስገባል። ሚኔርቫና በሾሉ የቆመው ቅርጽ አብረው ካሉ ልባችሁ ይረፍ።

ሦስተኛ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ በጣም የምወደው። ማህተሙ ከተመታበት ትክክል በሌላኛው ገጽ በኩል ተመልከቱ። መርማሪው ማህተሙን ሲመታ ዕቃውን የሚያስደግፍበት ትንሽ የብረት መደገፊያ ላይ ጥቃቅን ነፍሳት ተቀርጸውበታል፣ ክንፍ፣ እግርና ቀንድ ያላቸው። መዶሻው ከላይ ሲያርፍ ከታች የነፍሳቱ ቁራጭ ምስል አብሮ ይታተማል። በመነጽር ስታዩት የሆነ የሚርመሰመስ ነገር ይመስላል። አንዳንዴ በውልወላ ብዛት ጠፍቶ ይሆናል፣ ስለዚህ አለመኖሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ካለ ግን ማህተሙ በእርግጥ በመንግሥት መርማሪ ቤት የተመታ ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው። ከላይ ያለውን ጥቃቅን ራስ አስመስሎ መቅረጽ ይቻላል፣ ከታች ያለውን ግን ብዙ አስመሳይ አይደርስበትም።

ትንንሽ ዕቃዎች ላይ ሚኔርቫ አትገባም። በእነሱ ላይ ከ1838 ጀምሮ ፓሪስ የከርከሮ ራስ ትመታ ነበር፣ ከፓሪስ ውጭ ያሉ ከተሞች ደግሞ ሸርጣን። ሁለቱም 800 ማለት ናቸው። የስኳር መቆንጠጫ ላይ ሸርጣን ካያችሁ እንግዲህ አትደንግጡ። ከ1893 ወዲህ ነቀዝ የተመታበት ዕቃ ከውጭ አገር ገብቶ ፈረንሳይ ውስጥ የተመረመረ ነው፤ አዎ፣ ያው በቆሎ የሚበላው ነቀዝ። ስዋን፣ ያ አንገተ ረጅሙ የውሃ ወፍ፣ ካለ ደግሞ ምንጩ በትክክል ያልታወቀ፣ ለምሳሌ ጨረታ ላይ የተገኘ ዕቃ ነው። ከ1838 በፊት ያለው ዘመን ላይ አውራ ዶሮ ታያላችሁ፣ እሱ ከ1798 እስከ 1819 ነው፤ ከዚያ እስከ 1838 የሽማግሌ ራስ ተተካ። ይህን ካወቃችሁ የአንድን ማንኪያ ዕድሜ በቡፌ ፊት ቆማችሁ መናገር ትችላላችሁ።

ለጅማ ሰው ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነገር አለ። እኛ ጋ «800» የሚል ቁጥር በግልጽ የተጻፈበት ማንኪያ ብታገኙ የፈረንሳይ ነው ብላችሁ አትሩጡ። ፈረንሳዮች ለአገራቸው በሠሩት አሮጌ ዕቃ ላይ ምስል ነው የሚመቱት እንጂ ቁጥሩን እንዲህ አይጽፉትም። 800 በብዛት የጣሊያን ወይም የጀርመን ነው። ግማሽ ጨረቃና ዘውድ ከጎኑ ካለ ጀርመን ነው፣ ከ1888 ወዲህ የተሠራ። ጣሊያን ጅማን የአንዱ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ የቆየባቸውን ዓመታት ስታስቡት የጣሊያን 800 እዚህ ቢገኝ አይገርምም። ብር ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ፈረንሳይ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። ቅብ።

በ1830 ሻርል ክሪስቶፍል የሚባል ፓሪሳዊ የጌጣጌጥ ነጋዴ ድርጅቱን አቋቋመ። በ1842 በኤሌክትሪክ ብር የመቀባትን ፈጠራ ለፈረንሳይ የመጠቀም መብት ገዛ። ከዚያ በኋላ የሆነው ቀላል አይደለም። ከዚያ በፊት የብር ገበታ በአብዛኛው የመኳንንትና የባለጸጋ ነበር፤ አሁን ነጋዴውም ሐኪሙም ገበታው ላይ ብር የሚመስል ነገር ደረደረ። ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ራሱ ቅብ ለቤተ መንግሥቱ አዘዘ። ስለዚህ ቅብ ማለት ርካሽ ቆርቆሮ ማለት አይደለም፣ የክሪስቶፍል ቅብ በጣም የተከበረ ዕቃ ነው። ችግሩ ቅቡን በብር ዋጋ ሲሸጡላችሁ ነው።

ቅብን የሚለየው ቅርጹ ነው። የቅብ ሠሪ ማህተም ካሬ ነው፣ በሾሉ ሳይሆን በጎኑ የተኛ። ክሪስቶፍል ካሬው ውስጥ ሚዛን ያስገባ ነበር፣ በኋላ ላይ ደግሞ የቼዝ ፈረስ። ልብ በሉ፣ ክሪስቶፍል ንጹህ ብርም ሠርቷል። የድርጅቱ ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ቅርጹ ነው የሚናገረው። በፈረንሳይኛ «ሜታል አርዣንቴ»፣ «ሜታል ብላን»፣ «አልፌኒድ» ወይም «ሩኦልዝ» የሚል ጽሑፍ ካለም ነገሩ አልቋል፣ ብር አይደለም። «ኢኖክስ» ደግሞ የማይዝግ ብረት ነው፣ የኔ ቢጤ ቤት ያለው።

ከካሬው አጠገብ 84 የሚል ቁጥር ካለ በተለይ ተጠንቀቁ። ይሄ ቁጥር ብዙ ሰው አስለቅሷል። 84 ማለት ለ12 ሹካና ለ12 ማንኪያ በአጠቃላይ 84 ግራም ብር ተቀብቷል ማለት ነው። አካፍሉት፤ ለአንዱ 3.5 ግራም ይደርሰዋል። ከላይ 76 ግራም ካልነው ጋር አወዳድሩት። ሻጩ ግን «84 ማለት 84 ፐርሰንት ነው» ሊላችሁ ይችላል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ራሱም አምኖበት ነው የሚለው። የሚያደናግረው ደግሞ የድሮው የሩሲያ ብር ላይም 84 አለ፤ እሱ ከ96 እጅ 84 ማለት ስለሆነ በእርግጥ ብር ነው፣ 875። ሩሲያው ከሆነ ግን አብሮት ያለው ማህተም ሁሉ ሌላ ነው፣ የፈረንሳይ ካሬ አይኖርም።

ማህተሙ በውልወላ ጠፍቶ ምንም የማይነበብ ከሆነስ? ከሥር ያለው ቅይጥ ብቅ እንዳላለ እዩ። ሹካው ጠረጴዛ የሚነካበት ጀርባውና ማንኪያው ሆዱ ላይ ቢጫ ከወጣ ቅብ ነው። ካልወጣም መመዘን ይቻላል፣ እንዲህ አድርጉ። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙባትን፣ የግራም አንድ አሥረኛ የምታነብ ትንሽ ሚዛን ፈልጉ። ማንኪያውን መዝኑ፣ ጻፉት። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ማንኪያውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት፣ ግን የብርጭቆውን ታችም ጎንም አይንካ። ሚዛኑ አንድ ቁጥር ያሳያል። የመጀመሪያውን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉት። ከ10 በላይ ከመጣ ብር ነው ብላችሁ ማሰብ ትችላላችሁ፤ ንጹህ ብር 10.5 አካባቢ ነውና። 8.5 ወይም 8.7 ከመጣ ነሐስ ወይም ነጭ ቅይጥ ነው። ለምሳሌ 76 ግራም የሚመዝን ማንኪያ 7.3 ካሳየ 10.4 ነው፣ በሉ እልል በሉ። 8.8 ካሳየ ዝም ብላችሁ ወጥ አውጡበት። ቢላ ላይ ግን ይሄ ነገር አይሠራም፣ እጀታው እስከ ውስጡ ብር ስላልሆነ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «የሉዊ ነገሥታት ዘመን ነው ወይ?» የሚል ነው። ሁሉም ሰው ዕቃው ከፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ ከቬርሳይ የወጣ እንዲሆንለት ይፈልጋል። በጣም በጣም አይመስለኝም። ምክንያቱ ታሪክ ነው።

ሉዊ አሥራ አራተኛ ቬርሳይን በብር ሞልቶት ነበር። ማንኪያ ብቻ አይደለም፤ ጠረጴዛው፣ መቅረዙ፣ የአበባ ገንዳው ብር ነበር። በ1689 ጦርነት ገንዘብ ሲጠይቀው ይህን ሁሉ ወደ ማቅለጫ ላከው፣ 20 ቶን የሚጠጋ። በ1709 እንደገና አቀለጠ። በ1759 ሉዊ አሥራ አምስተኛ ደግሞ በተራው አቀለጠ። ከ1789ኙ አብዮት በኋላ የቀረውም ከመኳንንቱና ከቤተ ክርስቲያን እየተሰበሰበ ሄደ። ብር ጌጥ ብቻ አልነበረም፣ የተቀመጠ ገንዘብ ነበር፤ መንግሥት ሲቸግረው ሄዶ የሚወስደው። ለዚህ ነው ከአብዮቱ በፊት የተሠራ የፈረንሳይ ብር እንዲህ ብርቅ የሆነው።

የተረፈውም ብዙው የተረፈው ከፈረንሳይ ውጭ ነው። ፖርቱጋል በ1755 ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የንጉሡ ገበታ አብሮ ጠፋና ለፓሪሱ ብር ሠሪ ለፍራንሷ ቶማ ዠርማ አዲስ ታዘዘ። ይህ ሰው የቶማ ዠርማ ልጅ ነው፣ አባትና ልጅ ለንጉሥ የሚሠሩ ነበሩ፤ ልጁ ግን ያን ሁሉ ሠርቶ በ1765 ከሰረ። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ ንግሥቲቱ ታላቋ ካትሪን በ1770 ከፓሪስ ከብር ሠሪው ከሮቲዬ ቤት ወደ 3000 የሚጠጋ ዕቃ አዝዛ ለወዳጇ ለኦርሎቭ ሰጠችው። ሩቅ ስለሄዱ ነው ከፓሪስ ማቅለጫ ያመለጡት።

ከአብዮቱ በፊት የነበረ ዕቃ በእርግጥ ካጋጠማችሁ አራት ማህተም ይኖረዋል፦ የሠሪው፣ ሥራው ሲጀመር ግብር ሰብሳቢው የሚመታው፣ የሙያ ማኅበሩ የንጽሕና ማረጋገጫ ከዓመት ፊደሉ ጋር፣ በመጨረሻም ግብሩ ተከፍሎ ሲያልቅ የሚመታው። የፓሪስ ሠሪ ማህተም ላይ ዘውድና የንጉሡ አበባ ከላይ አለ፣ ከሥሩ ሁለት ነጥብ፣ የስሙ ፊደሎችና የራሱ ምልክት። ውድ ስለሆነ ማጭበርበሩም እዚህ ላይ ይበረታል። ዋናው ዘዴ ከተበላሸ ትንሽ እውነተኛ ዕቃ ላይ ማህተሙን ቆርጦ አዲስ ትልቅ ዕቃ ላይ መበየድ ነው።

ይህን የምትይዙት በትንፋሽ ነው። ዕቃውን አፋችሁ አጠገብ አምጡና መስታወት እንደምታጸዱ ሆ ብላችሁ ተንፍሱበት። ጉሙ ሲያርፍ ብሩና መበየጃው እኩል አይጠቁሩም፣ ለአፍታ መስመር ይታያል። ማህተሙ ዙሪያ ካሬ ወይም ክብ መስመር ከወጣ ተነሱና ሂዱ። በዚሁ ዘዴ የተጠገነ ስንጥቅ፣ የተፋቀ የቤተሰብ ፊደልም ይያዛል። ፊደል የተፋቀበት ቦታ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ይሰጣል፣ ሳስቷልና። በነገራችን ላይ በፈረንሳይ ሹካ ላይ የቤተሰቡ ፊደል ከጀርባ መሆኑ ስህተት አይደለም፤ እነሱ ገበታ ሲያቀርቡ የሹካውን ጥርስ ወደ ታች አድርገው ነው የሚያስቀምጡት፣ ስለዚህ እንግዳው የሚያየው ጀርባውን ነው።

አሠራሩን ማወቅም ለመለየት ይጠቅማል። የአገራችን አንጥረኛ የሚያውቀው ሙያ ነው፣ መሣሪያው ነው የሚለያየው። ንጹህ ብር ለብቻው ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ መዳብ ይገባበታል። ማንቆርቆሪያ ከሆነ ከአንድ ክብ ጠፍጣፋ ብር ይጀምራል፤ ሠሪው እያዞረ ከውጭ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፣ ክቡ እየጠበበ ወደ ላይ ይቆማል። ብር ሲቀጠቀጥ ይደርቃል፣ ካላረፈ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየመሐሉ ከ600 ዲግሪ በላይ፣ ደብዘዝ ብሎ እስኪቀላ ያሞቁታል፤ ያን ጊዜ ይለሰልሳል። ከዚያ እንደገና መዶሻ። አንድ ዕቃ ይህን ደጋግሞ ያልፋል። ከሥሩ ብትገለብጡት መሐል ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ አለች፤ ሠሪው ኮምፓሱን የተከለባት ናት። እሷን ሳይ ደስ ይለኛል፣ የሰው እጅ ነውና።

ጌጡን ደግሞ በጣታችሁ ከውስጥ ዳስሱት። በመዶሻና በደነዝ መሮ የተገፋ ጌጥ ብር አይቀነስለትም፣ ይገፋል እንጂ፣ ስለዚህ ከውስጥ በኩል ሞገዱ ይሰማል። የተቀረጸ ከሆነ ብር ተነስቶ ነው፣ ውስጡ ልስልስ ነው። ማንኪያና ሹካም ድሮ ከብር ዘንግ እየተቀጠቀጡ አንድ በአንድ ነበር የሚወጡት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን በሁለት የብረት ቅርጽ መሐል ተጭኖ መታተም መጣ። አሥራ ሁለቱን ጎን ለጎን ደርድሯቸው። ርዝመታቸው ወይም ውፍረታቸው በጥቂቱ ከተለያየ የእጅ ሥራ ነው፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ ማሽን። የማንኪያውን አፍም እዩት፤ በቀኝ እጅ ሲበላበት የኖረ ማንኪያ ጫፉ በግራ በኩል ተበልቶ ያዘነብላል። ዋጋውን ይቀንሰዋል፣ እኔ ግን ቅር አይለኝም።

ስለ ቡና ሳላወራ ከጅማ ሆኜ ባልፍ ነውር ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ቡና ማንቆርቆሪያ ሦስት እግር አለው፣ እጀታው ከእንጨት ሆኖ ወደ ጎን ነው የሚወጣው። እንጨት የሆነው ለውበት አይደለም፤ ከብረታ ብረት ሁሉ ሙቀት በማስተላለፍ ብርን የሚወዳደረው የለም፣ የብር እጀታ ቢሆን ቀጂዋ ትቃጠላለች። ፍራንሷ ቶማ ዠርማ በ1757 የሠራው አንዱ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ጌጡ የቡና ቅጠልና የቡና ፍሬ ነው። የእኛ ቅጠል፣ ፓሪስ ላይ፣ በብር! ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት። እንዲህ ያለ እጀታ ያለው ዕቃ ካላችሁ በፍጹም ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

አሁን እንክብካቤ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ጥሩ ዕቃ የሚያበላሸው። ብር የሚጠቁረው ዝጎ አይደለም፤ አየርና ምግብ ውስጥ ካለ ሰልፈር ጋር ተገናኝቶ ነው። እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል፣ የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። እንቁላል ዋነኛ ጠላቱ ነው። የዶሮ ወጥ እንቁላል በብር ማንኪያ ከፍላችሁ ካቀረባችሁ ማንኪያው እዚያው ገበታ ላይ ይጠቁራል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። ጨው ግን ከሁሉ ይብሳል፤ ማጥቆር ብቻ ሳይሆን ይቦረቡረዋል። ለዚህ ነው የፈረንሳይ የጨው ዕቃ ውስጡ የመስታወት ሳህን ያለው ወይም በወርቅ የተቀባው። ተበልቶ ሲያልቅ ጨውን እዚያ አታሳድሩት።

ማጠብ ቀላል ነው፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ወዲያው ማድረቅ። ውሃ ጠብታው ራሱ ምልክት ይተዋል። አመድና ሎሚ የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ፤ ለድስት ጥሩ ነው፣ ለብር ግን አመዱ ይፍቃል። የጥርስ ሳሙናም ይፍቃል። በረኪና ጨርሶ አይቅረበው። የሽቦ መፈግፈጊያ የያዘ ሰው ደግሞ ከወጥ ቤት ይውጣልኝ።

በጣም ከጠቆረና ቀላል ማንኪያ ወይም ሹካ ከሆነ ይህን አድርጉ። ሳፋ ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፉ፣ ማንኪያውን ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ አስተኙት፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፣ የፈላ ውሃ አፍስሱ። ጥቁሩን ሰልፈር አሉሚኒየሙ ይወስደዋል፣ ብሩ ይቀራል። ትንሽ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ እሱ የሚጠበቅ ነው። ጥሩነቱ ብሩን አለመፋቁ ነው። ግን ቀረጻ ያለበት ዕቃ ላይ አትሞክሩት፤ በጌጡ ስንጥቅ ውስጥ ሆን ተብሎ የተተወውን ጥቁር ጥላ አብሮ ያነሳዋል፣ ዕቃውም ፊቱ ይጠፋል። በወርቅ የተቀባ ዕቃም፣ የእንጨት እጀታም፣ ቢላም እንዲህ አይታጠቡ።

ስለ ቢላ ልድገመው። የፈረንሳይ ቢላ እጀታ ከስስ ብር የተሠራ ባዶ ቅርፊት ሆኖ ውስጡ በሙጫ መሰል ነገር የተሞላ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ስለቱ ይላቀቃል፣ አንዳንዴም እጀታው ይሰነጠቃል። ስለቱን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሁለት ዓይነት ቢላ ካገኛችሁ፣ አንዱ ስለቱ ብረት ሌላው ራሱ ብር ከሆነ፣ የብሩ የፍራፍሬ ነው፤ የፍራፍሬ አሲድ የድሮውን ብረት ስለሚያበላሸው ነው እንዲያ የተሠራው።

ስታስቀምጡ በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልሉት። ጋዜጣ አይሆንም፣ ሱፍ አይሆንም፣ አሥራ ሁለቱን ማንኪያ በላስቲክ ማሰር ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ላስቲኩ ውስጥ ሰልፈር አለ፣ የታሰረበት ቦታ ላይ ጥቁር ቀለበት ያትምበታል፣ አንዳንዱም በውልወላ አይለቅም። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፣ መሳቢያው ውስጥ ክተቷት። ቡፌው ከከሰል ምድጃና ከዕጣን ጭስ ራቅ ቢል ጥሩ ነው። ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቆልፉበት፤ በየቀኑ የሚበላበትና የሚታጠብ ብር በመሳቢያ ከተረሳው ያነሰ ይጠቁራል።

የተሰበረ ካለ ወደ ሠራተኛ ትወስዱታላችሁ። እዚህ ላይ አደራ። ሬዲዮ የሚጠግነው ልጅ በስታኞ ይያዝልኝ ካላችሁት ያይዝላችኋል፣ ግን ስታኞው ውስጥ ቆርቆሮና እርሳስ አለ፤ ወደፊት ዕቃው በደንብ ሊበየድ ሲሞቅ እርሳሱ ብሩን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ብልሃተኛ አንጥረኛም አይመልሰው። ብር የሚበየደው በብር መበየጃና መበየጃው እንዲፈስ በሚረዳው ቦራክስ በሚባል ነጭ ዱቄት ነው። እዚህ ጅማ ሂርማታም ሆነ ሌላ ቦታ የቆዩ አንጥረኛ ካወቃችሁ እሳቸው ጋ ውሰዱ፤ ግን ገና ከመቀመጣችሁ በፊት «አባባ፣ እንዳይሞርዱት፣ በሞተርም እንዳያሹት፣ የተሰበረችዋን ቦታ ብቻ ያዙልኝ» በሏቸው። ሞተሩ ዕቃውን እንደ መስታወት ያበራዋል፣ ማህተሙንም አብሮ ጠርጎ ይወስደዋል። ሚኔርቫ ያልታየበትን ዕቃ ደግሞ ገዢው የሚከፍላችሁ በሚዛን፣ በግራም ብቻ ነው።